ሹራብ ሲወልቅ፦ ከጨንቻ እስከ ሲቀላ የተካሄደ የመስክ ጥናት

ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች፤ አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ላይ ተኝታ ትፋጃለች። በመካከላቸው 37 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ጠዋት ከላይ የሚነሣ ሰው ሁሉ ሹራብ ይለብሳል፤ ታች ሲደርስ ግን ሹራብ ለብሶ የሚታይ የለም። ስለዚህ ሹራቡ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ይወልቃል ማለት ነው። የት እንደሚወልቅ፣ ሲወልቅም ለምን እንደሚንጣጣ እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም።

በቅድሚያ ስያሜውን እናጥራ። ሕዝቡ የሚሠራበት ቃል «ነዘረኝ» ነው፤ ጠንከር ሲል «ኮረንቲ ያዘኝ» ይላል። የፊዚክስ መምህራን ደግሞ «የኤሌክትሪክ ሙል» ይሉታል፤ ሲነዝራቸው ግን እነሱም እንደ ሕዝቡ ነው የሚጮኹት።

ቀደምት ጥናቶችን በተመለከተ፣ ግሪካዊው ታሌስ ከ2,600 ዓመት ገደማ በፊት ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ ሲፈተግ ቀላል ነገሮችን እንደሚስብ አስተውሏል ይባላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1600 ከዚያው ሙጫ የግሪክ ስም ተነሥቶ ለነገሩ ስም አወጣለት። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1747 ሙሉን ፕላስና ማይነስ ብሎ ከፈለ፤ የትኛው ሰጪ፣ የትኛው ተቀባይ እንደሆነ ግን ገምቶ ሳተ። የፊዚክስ ተማሪ የእሱን ስሕተት እስከ ዛሬ ተሸክሞ ይፈተናል። ሦስቱም ከጨንቻ በሚኒባስ ወርደው አያውቁም፤ የሥራቸው ክፍተት ከዚህ የመጣ ይመስላል።

የዚህ ጥናት ናሙና አንድ ሰው ነው፤ እሱም አጥኚው። ፈቃዱን በቃል ሰጥቷል። ሹራቡ ከሳልቫጅ የተገዛ ፖሊስተር፣ ጫማው ሶሉ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ወሩ ጥር፣ የተቀመጠበትም ወንበር ላስቲክ የለበሰ ነበር። ዶርዜን እስኪያልፍ ማንም ልብሱን አልነካም። የአባያና የጫሞ ሐይቆች አብረው ከሚታዩበት ጠመዝማዛ በታች ግን ተሳፋሪው አንድ በአንድ መላላጥ ጀመረ። ከአጥኚው ጎን የተቀመጡ እናት ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ምንም ድምፅ አልተሰማም። አጥኚው ሹራቡን በአንገቱ ሲያወጣ ግን እንደ ፈንድሻ ተንጣጣ፤ ፀጉሩም ቆመ። አንድ ሕፃን ሳቀ።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲነካኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ኤሌክትሮኖች ይሻገራሉ። ፍትጊያው ንክኪውን ያበዛዋል እንጂ ዋናው ነገር መነካካቱ ነው። አብረው እስካሉ ድረስ ማን ከማን እንደወሰደ አይታወቅም፤ ሒሳቡ የሚወጣው እንደ ደባሎች ሲለያዩ ነው። የሰው ፀጉር በተፈጥሮው ሰጪ ነው፤ ፖሊስተር ተቀባይ። ከሹራቡ ሲላቀቅ እያንዳንዱ ዘለላ ኤሌክትሮን ጎድሎት ፕላስ ሆኖ ይቀራል፤ አንድ ዓይነት ሙል ያላቸው ስለሚገፋፉም ዘለላዎቹ እርስ በርስ ለመራራቅ ሲሉ ይቆማሉ። የእናትየዋ ጋቢ የተሸመነበት ጥጥ ግን በሰጪና በተቀባይ መካከል የተቀመጠ ሽማግሌ ነው።

ታዲያ ላይ ጨንቻ ለምን አይንጣጣም? ጉም ስላለ ነው። እርጥበት በዕቃው ገጽ ላይ ስስ ሆኖ ይጋደምና ሙሉን ቀስ እያለ ያፈሰዋል። ያው አየር ወደ ታች ሲወርድ ይሞቃል፤ ሲሞቅም የያዘው ውሃ ሳይቀንስ ደረቅ ይሆናል። ጥጥ እንደ አየሩ ሁኔታ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይጠጣል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላውም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አየራቸውን የሚያረጥቡት አንድም ክሩ ሙል ይዞ እንዳያስቸግራቸው ነው። የዶርዜ ሸማኔ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ገጽ ሳይጽፍ መፍትሔውን ሸምኖ ገበያ አውጥቶታል።

ዋናው ክስተት የተመዘገበው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ ነው። የሚኒባሱ ረዳት በአንድ እጁ የበሩን ብረት ይዞ፣ በሌላው የአንድ ብር ሳንቲም መልስ ዘረጋ። የአጥኚው ጣትና ሳንቲሙ ለመነካካት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ጠሽ አለ። ይህን ያህል አየር ለመዝለል 3,000 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው፤ ሶኬቱ ይገድላል፣ አጥኚው ግን ረዳቱን አልገደለውም። በሰውነቱ የተጠራቀመው ሁለት ትሪሊዮን ያህል ኤሌክትሮን ነበር፤ ቁጥሩ ቢያስፈራም ኮረንቲው ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆይም።

ሳንቲሙ ወደቀ፤ አልተገኘም። በጥናቱ በጀት ውስጥ ተካቷል።

ከዚያ የባለሙያዎች ክርክር ተነሣ። ከኋላ ያለ ወጣት «ባትሪው ነው» አለ፤ ሹፌሩ በዚህ ተቀየመ። ባለ ጋቢዋ እናት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልብስዎን ሲያወልቁ አይቻለሁ። ብርድ ነው የመታዎት።» ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ነበር።

ሙልን በእርጥብ ነገር ስለማብረድ አካባቢው ሌላም ልምድ አለው። በመስከረም 2011 የጋሞ አባቶች እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ይህን በቮልት የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረን ከሠንጠረዡ አውጥተነዋል።

በማግስቱ አጥኚው ወደ ጨንቻ ለመመለስ ያንኑ ሚኒባስ አገኘ። ረዳቱ ከሩቅ ለይቶት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ጋሼ፣ ሒሳቡን ወንበሩ ላይ ያስቀምጡልኝ።»