ከቅዱስ ማርቆስ ዘመዶች ለቬኒስ ማዘጋጃ ቤት

ለቬኒስ ከተማ ማዘጋጃ ቤት
ቬኒስ

ጉዳዩ፦ በዝምድና ምክንያት ከከተማ መግቢያ ክፍያ ነፃ እንድንሆን ስለመጠየቅ

ከላይ በጉዳዩ እንደተገለጸው፣ የሚላኖ ነዋሪ የሆንኩት እኔና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ ከተማችሁን ለአንድ ቀን ልንጎበኝ አስበናል። ጠዋት በፈጣን ባቡር መጥተን ማታ እንመለሳለን። እናቴ የሚላኖን ዱኦሞ ካቴድራል አይታ "ጎበዞች ናቸው" ከማለት ያለፈ አልተናገረችም። ፖርታ ቬኔዚያ ሠፈር ወስጄ ሽሮ ባበላት ደግሞ "ለሽሮማ ቪዛ ምን አስለመነኝ?" አለችኝ። ልቧ ያለው እናንተ ዘንድ ነው፤ ቅዱስ ማርቆስን ሳትሳለም አገሯ አትገባም።

ጉዞውን ማሰናዳት ስጀምር ደንባችሁን አገኘሁት። በፀደይና በበጋ በተመረጡ ቀናት፣ በአብዛኛው ከዓርብ እስከ እሑድ፣ ሳያድር ለሚመለስ እንግዳ መግቢያው 5 ዩሮ ነው። ይህ ቀደም ብሎ ላሰበበት ነው። ጉዞው ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በታች ሲቀረው የተመዘገበ 10 ዩሮ ይከፍላል፤ የአምስት ዩሮዋ ጭማሪ ዘግይቶ የማሰብ መቀጮ መሆኗ ነው። ክፍያው ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይሠራል። ከ10 ሰዓት በኋላ ያው ውሃ፣ ያው ድልድይ፣ ያው ግርግር በነፃ ነው።

የሚያድር እንግዳ በሆቴሉ በኩል የአዳር ግብር ስለሚከፍል ይህኛውን አይከፍልም። ነፃ መሆኑን ግን በኢንተርኔት አስመዝግቦ ኮድ መያዝ አለበት። በዚህስ አልፈርድባችሁም። እኛ ቀበሌ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ መሸኛ ለማውጣት መሸኛ አምጡ ተብለን እናውቃለን። ሳይመዘገብ የተገኘ ከ50 እስከ 300 ዩሮ ይቀጣል ማለታችሁም ቤታችን ያለን ያህል እንዲሰማን አድርጎናል።

ደንቡን እስከ ታች ሳነብ ነው የልቤ የደረሰው። ክፍያው በሚመለከተው የከተማው ክፍል የሚኖር ዘመድ ያለው፣ ዝምድናው እስከ ሦስተኛ ደረጃ ከሆነ፣ አይከፍልም። እናቴን "ቬኒስ ዘመድ አለን እንዴ?" ብዬ ብጠይቃት ለማሰብም ጊዜ አልወሰደባትም። "ማርቆስስ?" አለችኝ።

ማመልከቻችንን እንደሚከተለው እናስረዳለን። ቅዱስ ማርቆስ የእስክንድርያ መንበር መሥራች ነው። ከአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ እስከ 1959 ድረስ፣ ለ1600 ዓመታት ገደማ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሶቿን የተቀበለችው ከዚሁ መንበር ነው (ዘመኑን እንዳትቸገሩ በእናንተ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ)። በ1968 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ከቅዱሱ ዐፅም ከፍለው ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሲመልሱ፣ ካይሮ ለተሠራው ካቴድራሉ ምርቃት ንጉሠ ነገሥታችን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል። ለዘመድ ካልሆነ ማን እንዲህ ይደክማል? ሦስተኛ ደረጃ የምትሉትን በተመለከተ ግን እርማት አለን። እኛ ዘመድ የምንቆጥረው እስከ ሰባት ቤት ነው። በሦስት የሚቆም ዝምድና እናቴ ጉርብትና ነው የምትለው።

የቅዱሱን ነዋሪነት እናንተው ታረጋግጣላችሁ። በ828 ሁለት ነጋዴዎቻችሁ ከእስክንድርያ ሰርቀው እንዳመጡት፣ የኬላ ጠባቂዎች ሣጥኑን እንዳይፈትሹም ዐፅሙን በአሳማ ሥጋ እንደሸፈኑት ትተርካላችሁ። መተረክ ብቻ ሳይሆን በባሲሊካው ሞዛይክ ላይ አሳምራችሁ ሥላችሁታል። ይህን ለእናቴ በነገርኳት ማታ ቡናዋን አስቀመጠች። "ማርቆስን? በአሳማ?" ብላ ሦስት ጊዜ አማተበች። ስርቆቱን ከዘመን ርቀት አንጻር ይቅር ልትል ትችላለች፤ አሳማውን ግን እንጃ። በከተማችሁ ታሪክ ኬላ በማጭበርበር የተመሰገኑት እነዚያ ነጋዴዎች ዛሬ ሳንታ ሉቺያ ባቡር ጣቢያ ቢወርዱ ኖሮ፣ ጃኬት የለበሰ ተቆጣጣሪ "ኮዳችሁን አሳዩ" ብሎ ያስቆማቸው ነበር። ይህን ክፍያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስከፈላችሁት ደግሞ ሚያዝያ 25 ቀን 2024 ነው። እናንተ የቅዱስ ማርቆስን በዓል የምታከብሩት በዚያው ቀን ነው። እኛ የምናነግሠው በኛው ሚያዝያ 30 ነው፤ በዓሉ ግን ቲኬት የለውም።

ዓላማው ሕዝቡን መቀነስ ነው ብላችኋል። ታዲያ በቀን ከዚህ ቁጥር በላይ አይግባ የሚል ጣሪያ ለምን አላስቀመጣችሁም? የፈለገው ያህል ሰው ይምጣ፣ ብቻ ይክፈል ነው ነገሩ። በ2024 በ29 ቀናት ጀምራችሁ ከ2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሰበሰባችሁ፤ በ2025 ቀናቱን 54 አደረሳችሁ። ሰው ቀንሶላችሁ ቢሆን ኖሮ ቀናቱ ይጨምሩ ነበር? የቀነሰስ ነዋሪው ነው። በ1951 በአሮጌው ከተማ 175 ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር። በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወርዷል። ሪያልቶ አካባቢ ያለ አንድ ፋርማሲ የቀረውን ነዋሪ ቁጥር በመስኮቱ ላይ ያስነብባል፤ ማስታገሻ ሊገዛ የመጣ ቱሪስት መርዶውን አንብቦ ይሄዳል። በዚህ አያያዝ "ነዋሪ ዘመድ ያለው ነፃ ነው" የሚለው አንቀጻችሁ ብዙም አያከስራችሁም። ከቅዱሱ በቀር የሚጠየቅ ዘመድ ላይቀር ነው።

ከዚህ በተረፈ ትንንሽ ጥያቄዎች አሉን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ እናንተ ደግሞ ከ400 በላይ ድልድይ አላችሁ፣ አብዛኛው በደረጃ ወጥቶ በደረጃ የሚወረድ። በቫፖሬቶ ጀልባ እንሳፈር ብንል የ75 ደቂቃ ቲኬቱ 9 ዩሮ ከ50 ነው፤ ዘግይቶ ከሚከፈለው የከተማው መግቢያ ሊበልጥ ምን ቀረው? የጎንዶላውን፣ ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ መሆኑን፣ አልነገርኳትም፤ የደም ግፊት አለባት። ትልቁን ቦይ በ2 ዩሮ ለሚያሻግረው ትራጌቶ ግን እግዜር ይስጣችሁ። ደግሞ ዳቦ ቆሎ ከአዲስ አበባ አምጥታለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ እስካሁን አልነካችውም፤ ማርቆስ ደጅ ተቀምጣ ልትቀምሰው ነው ሐሳቧ። እናንተ ደግሞ አደባባዩ ላይ ቁጭ ብሎ መብላት ከልክላችኋል። ቆማ በነጠላዋ ሸፍና አንድ ሁለት ፍሬ ወደ አፏ ብትጥል ስንት ትቀጣለች? ርግቦችን መመገብ ከ2008 ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ ፍርፋሪ እንዳትጥል አስጠነቅቃታለሁ።

እኔ በበኩሌ ማየት የምሻው የእናንተውን መነኩሴ የፍራ ማውሮን የዓለም ካርታ ነው። በ1450 ገደማ ሲሥለው ስለ አገራችን የጠየቀው የአገሩን ሰዎች፣ ካህናቱን ነበር፤ ስለዚህም አባይና አዋሽ አሉበት። ደቡብን ከላይ ስላደረገ በእናንተው ካርታ ላይ እኛ ከላይ ነን፣ ቬኒስ ከታች (ዝም ብዬ ነው የጠቀስኩት)። ከዚያም በፊት፣ በ1402፣ የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮች ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። ነብር ይዘው ሳሉ ኮድ የጠየቃቸው ሰው እንደነበረ የተጻፈ ነገር አላነበብኩም።

ስለዚህ ለአንድ ጥያቄ ብቻ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን። ቅዱስ ማርቆስ በመዝገባችሁ ነዋሪ ነው ወይስ ጎብኚ? ነዋሪ ከሆነ እናቴ ዘመዱ ናትና በነፃ ትግባ። ጎብኚ ነው የምትሉ ከሆነ፣ ከ828 ጀምሮ ስላደረ የአዳር ግብሩን ካመጡት ነጋዴዎች ወራሾች ተቀበሉ። መልሱ ከጉዞው አራት ቀን በፊት ይድረሰን፤ ከዚያ ካለፈ ለአንድ ሰው 10 ዩሮ ሆኖብናል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር