ከውስጥ ነው ጋርደን?

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ልበላ አንድ ቤት ጎራ አልኩ። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ከውስጥ ነው ጋርደን?» አለኝ። አየር ላግኝ ብዬ ጋርደን አልኩ። ላዩ ቆርቆሮ፣ ዙሪያው ሸራ፣ ታቹ ሴራሚክ። በአንድ በኩል የጥብሱ ከሰል ይጨሳል፣ በሌላው ጄኔሬተር ያጓራል። ዓይኔ ቅጠል ፍለጋ ሲንከራተት አንዲት አበባ የቀለም ባልዲ ውስጥ ቆማ አገኘ። ብዳስሳት ፕላስቲክ ናት።

ምቀኛ ሰው እዚህ ላይ ያጉረመርም ይሆናል። እኔ ግን አደነቅሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ የማትጠማ አበባ ከመትከል የበለጠ ምን ብልሃት አለ?

ቤቱ በአማርኛ ሳይሆን «ጋርደን» ለመባሉ ጥፋቱ የአማርኛ ነው። አማርኛ ዕዳ ያበዛል። «መናፈሻ» ብለህ ከለጠፍክ፣ ቃሉ «ነፈሰ» ከሚለው የመጣ ነውና ነፋስ ማቅረብ ግዴታህ ነው። «አጸድ» ካልክ ተክል ይጠየቃል። «ሜዳ» ካልክማ ልጆች ኳስ ይዘው ይመጣሉ! የአዲስ አበባውን ብሔረ ጽጌ መናፈሻ እዩት፤ በአንድ ስም የአበባ አገርም ነፋስም ቃል ገብቶ፣ ያውም በነፋስ ስልክ በኩል፣ ይኸው ዛፍ ተሸክሞ ይኖራል። ጋርደን ግን ከዕዳ ነፃ ነው። ሦስት ወንበርና አንድ ዣንጥላ ከበቂ በላይ ነው። ሰርግ ከሆነም ሰማዩን በድንኳን፣ መሬቱን በአረንጓዴ ምንጣፍ ሸፍኖ «ጋርደን ሰርግ» ብሎ መጥራት ይቻላል።

የቃሉ ባለቤቶች እንግሊዞች ግን ያሳፍራሉ። የእነሱ ሰው «ጋርደኔ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ጀርባ ድንች የሚተክልባትን፣ ልብስ የሚያሰጣባትን ቁራሽ መሬት ማለቱ ነው። አሜሪካኖች ያችኑ «ያርድ» ይሏታል። ሁለቱም ቃላት የወጡት ከአንድ ጥንታዊ ሥር ነው፤ ትርጉሙም የታጠረ ቦታ። እኛ ጓሮ የምንለው ማለት ነው። እስቲ አሁን ማን «ጓሮ ባርና ሬስቶራንት» ብሎ ይለጥፋል? ቢለጥፍስ ማን እጮኛውን ይዞ ይመጣል? ጎመን ጓሮ ሲበላ ጎመን ነው፤ ጋርደን ሲበላ ግን ሂሳቡ ይለመልማል። ከዚያ ሁሉ ልምላሜ ያየሁትም እሱን ብቻ ነው።

ከቤቴ አጠገብ እውነተኛ ጌሾ፣ ጤና አዳምና ሁለት መደብ ጎመን ያላቸው እናት አሉ። ዛፋቸው ሥር ንቦች ይውላሉ። ነፋስም በነፃ ይገባል። ለእርጅናቸው ገቢ እንዲሆናቸው አስቤ ምክር ልለግሳቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋርደን ቢከፍቱ እኮ ሀብታም ይሆናሉ» አልኳቸው።

«ጋርደን ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«ጓሮ ነው እትዬ።»

ጎመናቸውን መቀንጠስ ሳያቆሙ «እሱማ አለኝ» አሉ።