ሳቂታው ሌባና ከሳሾቹ

«ብለህ ብለህ ደግሞ ሌባ ልታስወድደን?» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ «ካርቱሽ»ን እይ እያልኩ ብወተውተው። አዎ፣ ላስወድድህ ነው! ወደኸው ስታበቃ ደግሞ ያ መውደድ ማንን ምን እንዳስከፈለ ታያለህ። ገና ሲገባ የምትጠላው ሌባ ቢሆን ኖሮ ምን ታተርፍ ነበር? የጠላነው ሌባማ አያታልለንም፤ ሲመጣ ኪሳችንን ጨብጠን እናልፈዋለን። ጉድ የሚሠራን የወደድነው ነው።

ላላዩት በአጭሩ፦ «ካርቱሽ» ፊሊፕ ደ ብሮካ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ የፈረንሳይ ፊልም ነው። ዣን ፖል ቤልሞንዶ ካርቱሽን፣ ክላውዲያ ካርዲናሌ ቬኑስን ሆነው ይጫወታሉ። ቦታው ፓሪስ፣ ዘመኑ 18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሰይፍ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ሩጫ አለ፣ ዝላይ አለ። የሚስቅ ወጣት ከስስታም አለቃው ከማሊሾ ጋር ይጣላል፣ የሌቦቹን ማኅበር ይወርሳል፣ ከባለጠጋ እየነጠቀ ለድሃ ያካፍላል፣ ከተማው ይወደዋል። ይህን ያህል ይበቃል፤ ወደ ክሱ እንግባ።

«ያረጀ ፊልም ነው» አሉኝ። ያረጀው ፊልሙ ነው ወይስ ትዕግሥታችሁ? ቤልሞንዶን እዩት። በወጣትነቱ ቦክስ ሲጋጠም የኖረ፣ ለአደገኛው ቦታ ሌላ ሰው ተክቶ ዳር መቆምን የማይወድ ተዋናይ ነበር። ኮምፒውተር የሠራው ዝላይ የለም፤ የሚዘለው ሰው ነው፤ ቢወድቅ የሚሰበረውም አጥንት ነው። ዛሬ ጀግናው ከሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ተወርውሮ አቧራውን አራግፎ ሲነሣ ማን ይደነግጣል? እዚህ ግን ሰውዬው አንድ ጠረጴዛ ሲዘል ልብ አብሮ ይዘላል።

የፊልም ምሁራኑ ደግሞ በሌላ በር መጡ፦ «በዚያ ዘመን ቁም ነገር የሠሩት እነ ጎዳር ናቸው፤ ይሄ የልብስና የሰይፍ ጨዋታ ነው»። ጌቶቼ፣ ቤልሞንዶ ከሁለት ዓመት በፊት በጎዳር ፊልም «አ ቡ ደ ሱፍል» ላይ ሌባ ሆኖ ሲመጣ ያጨበጨባችሁለት እኮ እሱው ነው። ደ ብሮካም ሙያውን የተማረው የጎዳር ባልንጀሮች የሆኑት የሻብሮልና የትሩፎ ረዳት ሆኖ ነው። ሁሉም ከአንድ ጓዳ ወጡ። ሌባው መኪና ሲሰርቅ ፍልስፍና ያላችሁት፣ በሠረገላ ዘመን ሲሰርቅ እንዴት ተረት ሆነባችሁ?

ከሁሉም የከበደኝ የአንዲት እህት ቃል ነው። «ጦርነትን መሳቂያ ያደርጋል» አለችኝ። ይህች ሴት ከልቧ ስለተናገረች ከልብ መልስ ይገባታል። ደ ብሮካ ጦርነትን በወሬ የሰማ ሰው አይደለም። የወትድርና ግዴታውን የፈጸመው አልጄሪያ ውስጥ፣ ለፈረንሳይ ጦር ካሜራ ተሸክሞ እየቀረጸ ነው። ያየውን አይቶ ተመለሰና ሰው ማሳቅን ሥራዬ ብሎ ያዘ። «ካርቱሽ» ለሕዝብ የቀረበው በማርች 1962 ነው፤ የአልጄሪያን ጦርነት ለማቆም በኤቪያን ስምምነቱ የተፈረመውም በዚያው ወር ነው። ሲኒማ ቤት ከተቀመጡት ውስጥ ልጃቸውን ባሕር አሻግረው የላኩ ወላጆች ነበሩ። ከግዳጅ የተመለሱ ወጣቶችም ነበሩ።

እነዚያ ሰዎች ምን አዩ? ካርቱሽ ከማሊሾ ቢላ ለማምለጥ ወታደርነት ሲገባ አዩ። መልማዩ ምላሱን አስልቶ ክብርንና ዝናን ሲቸረችር፣ በወርቅ ጥልፍ ያጌጠ የጦር አዛዥ የሰውን ልጅ እንደ ጠጠር ሲደረድር አዩ። ሳቁ የወረደው በላኪዎቹ ላይ ነው፤ በተላኩት ላይ አንድም ጊዜ አልወረደም። እህቴ፣ ልጁን ያልላከ አዛዥ ቢሳቅበት ጦርነት አልተናቀም፤ ሟቾቹ ተከበሩ እንጂ።

«ታሪኩን አዛብቶታል» የሚሉት ሊቃውንት ተራ ደረሰ። እዚህ ላይ አልከራከርም፤ አዛብቶታል። ግን እውነቱን ብነግራችሁ ትችሉታላችሁ?

እውነተኛው ካርቱሽ፣ ሉዊ ዶሚኒክ፣ በ1693 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። ሽፍታ ሲባል እኛ ጫካና ተራራ ነው የምናስበው፤ የሱ ዱር የከተማው መንገድና ግርግር ነበር። ስሙ የገነነበትም ጊዜ መጥፎ ነበር። ንጉሡ ሉዊ 15ኛ ገና ልጅ ሆኖ አገሪቱን በእንደራሴነት የሚያስተዳድረው የኦርሌዓን መስፍን ፊሊፕ ነበር። ጆን ሎው የተባለ ሰው ያመጣው የወረቀት ገንዘብ በ1720 ሲወድቅ ስንቱ ያለ የሌለ ጥሪቱን ይዞ አብሮ ወደቀ። ቀድመው ወርቃቸውን ያወጡ ታላላቆች ሲተርፉ፣ ወረቀቱን አምኖ የያዘው ተራ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። እንዲህ ባለ ሰሞን ታላላቆቹን የሚዘርፍ ሰው ቢሞገስ ምን ይደንቃል?

በኦክቶበር 1721 ከገዛ ሰዎቹ አንዱ ከዳውና ተያዘ። እስር ቤት ሳለ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የተባለው ቲያትር ቤት በስሙ ተውኔት አሳየ። ሰውየው በካቴና ታስሮ ፍርዱን ሲጠብቅ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ሰዎች ከፍለው ገብተው በሱ ይስቁ ነበር። ይህን ያደረገችው ፓሪስ ናት፤ ደ ብሮካ አይደለም። ኖቬምበር 28 ቀን በፕላስ ደ ግሬቭ፣ ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት በተንጣለለው አደባባይ፣ በመንኮራኩር ላይ አጥንቱ ተሰባብሮ ሞተ። ከመሞቱ በፊት የሆነው ነው የባሰው። በሥቃዩ ክፍል ጥርሱን ነክሶ ዝም ያለ ሰው፣ አደባባዩ ላይ ቆሞ ጓደኞቹ ሊያስጥሉት አለመምጣታቸውን ባየ ጊዜ አንደበቱ ተፈታ። የተባባሪዎቹን ስም አንድ በአንድ ዘረገፈው፤ ብዙ ሰው ተለቃቅሞ ታሰረ።

በታሪኩ ማንም አልመጣለትም። ደ ብሮካ የለወጠው ይህችን ነገር ነው፤ በፊልሙ መጡለት። «ታዲያ አላሳመረለትም?» ብትሉኝ፣ የመጡበትን ምክንያትና መምጣታቸው ያስከተለውን ልቁጠርላችሁ።

ካርቱሽ ቬኑስ አለችው። ካርዲናሌ ቱኒስ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በዚህች ፊልም ላይ ስትገባ ሌላውን ሁሉ የምታስረሳ ሴት። ቬኑስ ሌባ ናት፣ ደፋር ናት፣ ከሱ ጋር ትራባለች፣ ከሱ ጋር ትዘርፋለች፣ ከሱ ጋር ትስቃለች። እሱ ግን ዓይኑ ከኢዛቤል ላይ ነው፤ የፖሊስ ሹሙ የፌሩሳክ ሚስት! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች የተባለውም እዚሁ ደረሰ፤ እመቤቲቱን ፍለጋ ሄደና ወጥመዱ ውስጥ ገባ።

«ፍቅር ምን ያደርጋል!» አሉልኝ ጠበቆቹ። ቀስ! ፍቅርማ የቬኑስ ነው። የሱ ምኞት ነበር፤ ከፍ ወዳለ ቤት የመውጣት ምኞት። ከተማ ያጨበጨበለት ወጣት ጭብጨባው የማይደርስበት በር አንድ ብቻ ቀርቶት እሱን ማንኳኳት አማረው። ቬኑስ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አውቃም ልታስጥለው መጣች። ለሱ የተተኮሰውን ጥይትም እሷ ወሰደችው።

አሁን ይህችን ቦታ በደንብ ተመልከቱልኝ። መኳንንቱ በድግስ ላይ ናቸው። ካርቱሽና ሰዎቹ ይገባሉ። ፊልሙ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ዘረፋ በሳቅ ነው ያሳየን፤ አሁን የሚስቅ የለም። ከሴቶቹ አንገትና ጆሮ ላይ ጌጡ ይሰበሰባል። የተሰበሰበው ሊሸጥ አይደለም፣ ሊካፈሉት አይደለም፤ ለሬሳዋ ነው። ቬኑስን ያን ሁሉ ዕንቁ አልብሰው በወርቃማ ሠረገላ ያስቀምጧታል። ከዚያ በሌሊት ሠረገላውን ወደ ውሃው ይለቁታል። ዦርዥ ደልሩ የደረሰው ሙዚቃ አብሮት ይሄዳል፤ ወርቁ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ውሃው ይገጥማል። ካርቱሽ በሕይወት ሳለች ያልሰጣትን ክብር ሁሉ በአንድ ሌሊት ሰጣት፤ መቀበል በማትችልበት ሌሊት።

«በጨዋታ መሃል ለቅሶውን ምን አመጣው?» ይሉኛል ደግሞ። ምን አመጣው? ጨዋታው ነዋ ያመጣው! እያንዳንዱ ዝላይ ከኋላው የሚሮጥለት ሰው ነበረው፤ እያንዳንዱ ማምለጥ በር ይዞ የሚቆይለት ሰው ነበረው። እኛ የሚዘለውን ብቻ ስናይ ቆየን፤ ደ ብሮካ መጨረሻ ላይ በሩን የያዘችውን አሳየን። ይህን ለማድረግ ደግሞ መጀመሪያ በደንብ ሊያስቀን ይገባ ነበር። ከጅምሩ ፊቱን አጨማድዶ ቢሰብከን ኖሮ ገና በግማሹ ወጥተን እንሄድ ነበር።

ታሪክ አዋቂዎቹ ሆይ፣ እንግዲህ ፍረዱ። መንኮራኩሩ የሰበረው የሌባውን አጥንት ነው፤ ፊልሙ የጠየቀው ግን የሌባውን ልብ ነው። የትኛው ነው ያሳመረለት?

ቤልሞንዶ በሴፕቴምበር 2021 ሲያርፍ ፈረንሳይ በኤንቫሊድ ግቢ በክብር ሸኘችው። ከብዙ ፊልሞቹ መካከል ይህችን የምመርጥላችሁ ሌሎቹ አንሰው አይደለም፤ የሱ ሳቅ ዋጋ ተቆርጦለት ያየሁት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት አይሞላም። እዩት፤ መሃል ላይ ስልክ አንሥታችሁ እንዳትወጡ፣ በተለይ የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት። አይቶ ለሚሰድበው ወንበር ስቤ እከራከረዋለሁ። ሳያይ ለሚሰድበው ግን መልሴ እዚህ አልቋል።