ባለሜዳው እንግዳ

ሲኒማ ራስ አካባቢ ሱቅ የተከራየ ነጋዴ ብዙ ያማርራል፤ እንደ ዋልያዎቹ የተንከራተተ ተከራይ ግን መርካቶም አላየች። ካፍ የአገር ቤት ስታዲየሞችን ስላገደ፣ ለ2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ዳሬሰላም፣ አቢጃንና ኪንሻሳ ላይ አደረጉ። ሦስቱንም ተሸነፉ፤ አንድ ጎል እንኳ አላገቡም።

ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ኪንሻሳ ላይ ባለሜዳ ተብለው በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተረቱ። ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ስታዲየም በእንግድነት ገብተው ዲሞክራቲክ ኮንጎን 2 ለ 1 ረቱ! (ኮንጎ አስቀድማ ማለፏን ለደጋፊ አለመንገር ይሻላል።) በምድቡ ያሸነፉት ይህንኑ ብቻ ነው።

ሲኒማ ራስ ጋ፣ ከአርሰናልና ከማንቼ ማልያ ኋላ የተሰቀለውን የዋልያ ማልያ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ አደራ፣ የእንግዳውን ምረጡ።