ይድረስ ለክቡር አቶ መሸኛ

ጉዳዩ፦ መኖሬን ስለማስታወቅ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎን አልጠይቅም፤ የማኅተም ቀለም እስካልደረቀ ድረስ እርስዎን ምን ያገኝዎታል?

ስምዎ የሽኝት ዘመድ ስለሆነ አንድ ትዝታ ላንሳ። በ2014 ዓ.ም. ምልምሎች ስንሸኝ ከበሮ ነበር፣ እልልታ ነበር። ያኔ «የየት ነዋሪ ነህ?» ያለኝ የለም፤ የጀሞ ልጅ መሆኔን መንደሩ በጭብጨባ መሰከረልኝ። ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ አንዲት ፍንጣሪ ይዤ ስመለስ የማታ ትምህርት አማረኝና አንድ ኮሌጅ ደጅ ቆምኩ። ለከተማው ነዋሪ የተያዘው ቦታ የታደሰ መታወቂያ ይፈልጋል፤ የእኔው ምሽግ ውስጥ ሳለሁ ጊዜው አልፎበታል። ላሳድስ ስሄድ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ፋይሌን ገለጥ አደረገችና፣ «ወንድሜ፣ ከቆየህበት ቦታ መሸኛ አምጣ» አለችኝ።

ከቆየሁበት! «ፋይዳ አለኝ» ብዬ ባለ 12 አሃዝ ቁጥሬን አሳየኋት። «እሱ ማን እንደሆንክ ነው የሚናገረው፤ የት እንደምትኖር አይነግረንም።» እውነቷን ነው፣ ፋይዳዬ ያን ቀን ፋይዳ አልነበረውም። ክፍለ ከተማችን የስሙን እኩሌታ ያገኘው ያለ ሽቦ ከሚያወራ የሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ዛሬ ግን አንዲት ወረቀት በእጅ ካልተያዘች አንድ ፎቅ አትወጣም።

ክቡርነትዎ፣ «ሰፈር» የሚለውን ቃል አዲስ አበባ ያገኘችው ከወታደር መሆኑን ያውቃሉ? ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ የምኒልክ መኳንንት ከነጭፍሮቻቸው የሰፈሩበት ሁሉ ሰፈር ተባለ፤ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር። እርስዎ ያኔ አለመወለድዎ ደግ ነው። ድንኳን ተካዩ ሁሉ ከአንኮበር መሸኛ ሲጠብቅ ከተማዋ እስከ ዛሬ እንጦጦ ላይ በቀረች።

ወደ ኮሌጁ ልመለስና፣ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ሕግ፣ ከሠራዊት ተሰናብቶ የተመዘገበ ሰው በመንግሥት ኮሌጆቻቸው የነዋሪውን ክፍያ እንዲከፍል አድርገዋል፤ ከየትም ግዛት ይምጣ። እኛ ዘንድም ቢሆን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት አለ፤ ተማሪው ሲመረቅ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። እኔ ቅድመ ክፍያ ፈጽሜያለሁ፤ ደረሰኙ ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ ነው፣ ራጅ ካስነሱኝ ይታያል።

በመጨረሻ ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «እንግዲያው አብረውህ የኖሩ ሦስት ሰዎች ይመስክሩልህ» አለች። አንዱን አግኝቻለሁ፤ የእሱም መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል። ሁለቱ እዚያው ቀርተዋል። እነሱ እንኳ ቋሚ ነዋሪ ሆነዋል፤ መሸኛም የሚጠይቃቸው የለም።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ የጀሞ ልጅ (እስኪረጋገጥ)

ግልባጭ፦
ለምሽጉ፤ የቤት ቁጥር እንዲለጠፍበት