ንፍጥና ብሔራዊ ደኅንነት

የአሜሪካን ምክር ቤት የሚያማ ሁሉ አንድ ውለታ ይረሳል፤ አፍንጫችንን ከሽብርተኛ እኩል ያስከበረልን እሱ ነው። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የወጣው «ፓትሪዮት አክት» የተባለው የፀረ ሽብር ሕግ ሲታደስ፣ ከስለላውና ከምርመራው አንቀጽ በስተኋላ ስለ ጉንፋን መድኃኒት የሚደነግግ ክፍል አብሮ ተሰፋበት። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2006 ፈረሙበት። ከዚያ ወዲህ አፍንጫው የታፈነ ሰው ተራ በሽተኛ መሆኑ ቀርቶ መንግሥት በስሙና በአድራሻው የሚያውቀው ሰው ሆኗል። በስደት አገር ይህን ያህል የሚያስታውስ ወገን ከየት ይገኛል?

ተከሳሹ ሱዶኤፌድሪን ነው፤ ብዙው ሰው ሱዳፌድ በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። የታፈነ አፍንጫ ይከፍታል፤ ደግሞም ከልቡ ይከፍታል። ጥፋቱ በኬሚስትሪ ነው። ሜታምፌታሚን ከሚባለው አደንዛዥ ዕፅ የሚለየው በአንዲት የኦክስጅን አቶም ብቻ ስለሆነ፣ ክፉ ሰዎች ጓዳቸው ገብተው ያችን አቶም ያነሱለት ነበር። እዚህ ላይ ሽሙጡን ላንድ አፍታ ልተወው። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በገጠር አሜሪካ የጓዳ ላቦራቶሪ እየፈነዳ ቤት ያቃጥል፣ ሕፃናትን ይመርዝ ነበር። ሕጉ እንደወጣም የእነዚህ ጓዳዎች ቁጥር ለጊዜው በጣም ወርዷል። ይህን ክዶ መቀለድ አይቻልም። መቀለድ የሚቻለው ከዚያ ወዲህ ባለው ነው፤ እሱም ይበቃናል።

ሥርዓቱን ለማያውቅ ላስረዳ። መደርደሪያው ላይ መድኃኒቱ የለም፤ የመድኃኒቱ ፎቶ የታተመበት ካርድ ግን አለ። ካርዱን ይዘው ከመደብሩ ጥግ ወዳለው የፋርማሲ መስኮት ይሄዳሉ። ከፊትዎ አራት ሰው ስለ ኢንሹራንሱ ይከራከራል። መደብሩ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ቢሆንም መስኮቱ በጊዜ ይዘጋል፤ ቀንም ለምሳ ይዘጋል። ስለዚህ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መተንፈስ ያቃተው ሰው ቺፕስ፣ ቸኮሌት፣ የልደት ካርድና የውሻ ምግብ ገዝቶ ሊመለስ ይችላል። ተራዎ ሲደርስ መታወቂያ ይጠየቃሉ። ስምዎ፣ አድራሻዎ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ይፈርማሉ። መዝገቡ ላይ የሐሰት ቃል የሰጠ ሰው እስከ 5 ዓመት እሥራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ሊያገኘው እንደሚችል ማስጠንቀቂያ አለ። ቤት ሲገዙ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ክብደት ያለው ፊርማ ፈርመው አያውቁም ይሆናል፤ ያውም ንፍጥዎ እየወረደ። መዝገቡ ቢያንስ ለ2 ዓመት ይቀመጣል። ያን ጊዜ ጉንፋኑን እርስዎ ራስዎ ረስተውታል።

ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ የተለየ ጸጋ አለበት። ሦስት ትውልድ በተሸከመ ስማችን ኮምፒውተሩ ይደነግጣል። አያት የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ አባት መሃል ገብቶ ወደ አንዲት ፊደል ያጥራል፤ ሁለት ቃል የሆነ ስም ያለው ሰውማ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ቀን ሜሪላንድ ውስጥ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ከወዲያ ያለችው ሠራተኛ የእኛው ልጅ ሆና ተገኘች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኮምፒውተሩ ገብረ ብቻ ነው የሚለኝ፤ መድኅን የት ሄደ?»

«ልጄ፣ መድኅን ቢኖረኝማ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር።»

ሳቀች፤ ግን አስፈረመችኝ። «ሕጉ ነው እኮ ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ሳታስፈርም ብትሸጥ ሥራዋ ያበቃል። የዚህ ሥርዓት ውበቱ ይኸው ነው፤ ከመስኮቱ ወዲህም ወዲያም የቆመ ሰው ሁሉ ከንቱነቱን ያውቀዋል፣ ሁሉም ይፈርማል።

ልክም አለው። በአንድ ቀን ከ3.6 ግራም በላይ አይሸጥልዎትም፤ በ30 ቀን ከ9 ግራም በላይ መግዛት አይችሉም። ይህ ለአንድ በሽተኛ ሙሉ ወር ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም። ስለዚህ አለርጂ ያለበት ባልና አለርጂ ያለባት ሚስት በአንድ ሰው ፊርማ ሊታከሙ ከሆነ በፈረቃ እንዲተነፍሱ ይመከራል። ምክሩን ያልሰማ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኢንዲያና ውስጥ አንዲት አያት በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁለት የቤተሰቧ አባላት ሁለት ፓኬት ገዛች፤ የግዛቱ ገደብ ከፌዴራሉም የጠበቀ ነበርና ፖሊስ መጥቶ አሰራት። ቤተሰቡን የምታስታምም አያት ከመንገድ ላይ ስትነሳ ኢንዲያና ምን ያህል እፎይ እንዳለች መገመት ነው።

ስለ ጠመንጃ ምንም አልልም። እሱን ማንም ያነሳዋል።

ይልቅ ያ ፎቶ የቆመበት መደርደሪያ ላይ፣ ከካርዱ ጎን፣ ያለ መታወቂያና ያለ ፊርማ የተደረደረውን እንይ። ሕጉ ሲመጣ ፋብሪካዎቹ ሱዶኤፌድሪንን አውጥተው ፊኒሌፍሪን የሚባል ሌላ መድኃኒት አስገቡ። ሳጥኑ ያው ነው፣ ስሙም ያው ነው፤ ጫፉ ላይ «ፒኢ» የምትል ምልክት ብቻ ተለጠፈች። ፊኒሌፍሪን አደንዛዥ ዕፅ አይሆንም፤ ማንም ጓዳ ወስዶ አይቀቅለውም። አንዲት ትንሽ ጉድለት ብቻ አለችበት። በአፍ ሲወሰድ አይሠራም። በአፍንጫ ሲነፋ ይሠራል፤ ሲዋጥ ግን አብዛኛውን አንጀትና ጉበት ሰባብረው ደም ውስጥ የሚደርሰው ከቁጥር የማይገባ ነው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ሌስሊ ሄንደለስና ራንዲ ሃተን ከ2007 ጀምሮ ይህን ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው ለኤፍዲኤ አቤት ሲሉ ኖሩ። ኤፍዲኤ ጨዋ መሥሪያ ቤት ስለሆነ አልቸኮለም። በሴፕቴምበር 2023 አማካሪዎቹን ሰበሰበ፤ እነሱም 16 ለ0 ድምፅ ሰጥተው «አይሠራም» አሉ። በ2022 ብቻ አሜሪካ ውስጥ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ፊኒሌፍሪን ያለባቸው መድኃኒቶች ተሸጠው ነበር።

እንግዲህ ፖሊሲው ግልጽ ነው። የሚሠራው መድኃኒት ይታሠራል፤ የማይሠራው ይለቀቃል። አሳሳቢው መታመም ሳይሆን መዳን መሆኑን የተረዳ መንግሥት እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ሁለት መደርደሪያ አለፍ ብለን ወደ እንቅልፉ ክፍል እንግባ። እዚህ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እኛ ደግሞ ዋና ደንበኞች ነን፤ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ የሚያድር፣ ጠዋት ገብቶ መጋረጃውን ዘግቶ ፀሐይን ለማታለል የሚሞክር ሐበሻ ብዙ ነው። ለእሱ የተዘጋጀው ዳይፈንሃይድራሚን ነው። ይህን መድኃኒት ጆርጅ ሪቭሽል የሚባል የሲንሲናቲ ኬሚስት በ1940ዎቹ የሠራው ለአለርጂ ነበር፤ ቤናድሪል እሱ ነው። ጎንዮሽ ጉዳቱ ማስተኛት ነበር። በ1982 ጎንዮሽ ጉዳቱ ሹመት አግኝቶ ራሱን የቻለ የእንቅልፍ መድኃኒት ሆነ። ዛሬ በአለርጂ መደርደሪያ በአንድ ስም፣ በእንቅልፍ መደርደሪያ ጨረቃ ተስሎበት በሌላ ስም ይሸጣል። ውስጡ ያው 25 ሚሊ ግራም ነው። ጨረቃዋ ግን ነፃ አይደለችም።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2017 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ይህንን ባትጠቀሙ ይሻላል ብሏል። የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበርም ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች መወገድ ካለባቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ አእምሮ ያምታታል፣ ያደናግራል፣ ይጥላል። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ከአዲስ አበባ የመጡት እማማ የሰዓቱ ለውጥ እንቅልፍ ሲነሳቸው፣ ልጃቸው ከመደርደሪያው አንስታ ሁለት ፍሬ ትሰጣቸዋለች፤ በማግሥቱ ግድግዳ ይዘው ሲሄዱ «እርጅና ነው» ይባላል። ለዚህ ካርድ የለም፣ ፊርማም የለም። እማማ አደገኛ ዕፅ አያበስሉማ፤ የሚያበስሉት ሽሮ ነው።

ሜላቶኒንማ ጭራሽ መድኃኒት እንኳ አይደለም። በ1994ቱ ሕግ የምግብ ማሟያ ተብሏል፤ እንግሊዝ አገር ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሸጠው ይኸው ሆርሞን እዚህ እንደ ከረሜላ እየተላመጠ፣ የድብ ቅርጽ ተሰጥቶት ለልጆች ይሸጣል። በ2023 ተመራማሪዎች 25 ዓይነት የሚላመጡ ምርቶችን መርምረው፣ 22ቱ ላይ የተጻፈው መጠንና ውስጡ ያለው እንደማይገናኝ አግኝተዋል። አንዱ ላይ ከተጻፈው ከሦስት እጥፍ በላይ፣ 347 በመቶ ነበረበት። አንዱ ውስጥ ደግሞ ሜላቶኒን ጨርሶ አልነበረም። ልጅዎ ዛሬ ማታ ስንት እንደዋጠ የሚያውቅ የለም፤ እርስዎ በማርች ወር ስንት የሱዶኤፌድሪን ፍሬ እንደገዙ ግን መዝገቡ ያውቃል።

እርግጥ በአንዳንድ ከተማ የእንቅልፉም መድኃኒት ታሥሯል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካስ ከፕላስቲክ መስታወቱ ጀርባ የገባው ከሳሙናው፣ ከጥርስ ሳሙናውና ከምላጩ ጋር ነው። የተቆለፈው ሌባ እንዳይወስደው እንጂ እማማ እንዳይወድቁ አይደለም። ቁልፍ ተጭነው ይደውላሉ፤ ሠራተኛ ቁልፍ ይዞ እስኪመጣ ቆመው ይጠብቃሉ። እንቅልፍ ላጣ ሰው ይህ ራሱ ሕክምና ነው፤ ብዙው ቆሞ ያንቀላፋል።

አሁን ወደ ሜታምፌታሚን አብሳዮቹ። ይፈርማሉ? አይፈርሙም። መጀመሪያ በየመደብሩ እየዞረ ትንሽ ትንሽ የሚገዛ ሰው መቅጠር ጀመሩ፤ በኋላ ሥራው ወደ ሜክሲኮ ተሻገረ። ሜክሲኮም ሱዶኤፌድሪንን ስትከለክል ሌላ ኬሚካል አገኙ። ዛሬ የአሜሪካን ገበያ የሞላው ሜታምፌታሚን በአብዛኛው ከጉንፋን መድኃኒት የተሠራ አይደለም፤ ከድሮው የጠራና የረከሰ ሆኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ የእኛ ውሻ ደግሞ እየጮኸ መታወቂያ ይጠይቃል። ኦሬገን በ2006፣ ሚሲሲፒ በ2010 የበለጠ አጥብቀው መድኃኒቱን በሐኪም ማዘዣ ብቻ አድርገውት ነበር። ሁለቱም ከ2022 መባቻ ጀምሮ ተዉት። የፌዴራሉ መዝገብ ግን እንደጸና አለ።

ገደብ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ካለ እንግሊዞችን ይመልከት፤ የሚያናድዱ ሰዎች ናቸው። በ1998 ፓራሲታሞል በተራ ሱቅ በአንድ ፓኬት ከ16፣ በፋርማሲ ከ32 ፍሬ በላይ እንዳይሸጥ አደረጉ። ፊርማ የለ፣ ፖሊስ የለ፤ ፓኬቱን ብቻ አሳነሱት። በፓራሲታሞል መመረዝ የሚሞተው ሰው በግልጽ ቀነሰ። ምን ዓይነት አሰልቺ ሕግ ነው! አሜሪካ እንዲህ አትወርድም። ያው መድኃኒት፣ እዚህ ታይለኖል የምንለው፣ በዚህ አገር ጉበት ድንገት እንዲከሽፍ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ቀዳሚው ነው፤ በጅምላ መደብር ግን 500 ፍሬ በያዘ ብልቃጥ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ታስሮ ይሸጣል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋው እሱ ነው። አንድ ሺህ ፍሬ ይዘው ሲወጡ ካሸሩ የሚጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፤ ካርቶን ይፈልጋሉ ወይ?

አገር ቤት ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በሕግ ማዘዣ የሚያስፈልገውን አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት አይጠፋም፤ የሚገዛውም ሲሻለው ያቋርጠዋል። እሱ ሌላ ሽሙጥ ይፈልጋል፤ ከዚህኛው መራራ ነው። ዳማከሴ ግን በሁለቱም አገር እስካሁን ያለ ፊርማ ነው፤ የሰማ እንዳይኖር ቀስ ብዬ ነው የምናገረው።

ኤፍዲኤ በኖቬምበር 2024 የሚዋጠውን ፊኒሌፍሪን ከገበያ ለማስወጣት ሐሳብ አቅርቧል። ሐሳብ ካቀረበ ዘንድ እኔም አንድ ላቅርብ። መዝገቡን አታጥፉት፤ ልፋት ነው፣ ኮምፒውተሩም ገንዘብ ወጥቶበታል። ከሚሠራው መድኃኒት አንስታችሁ ለማይሠራው ስጡት። የገዛው ሰው ሁሉ መታወቂያውን አሳይቶ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያስመዝግብ፤ ይፈርም። ያኔ ገንዘቡ ሲመለስለት ቼኩ የት እንደሚላክ ይታወቃል።