ጥብስን ከጊንጪ ጀምሮ የማበላሸት ጥበብ

ሥጋን ምድጃ ላይ አሳርሮ ማበላሸት የጀማሪ ሥራ ነው። የተካነ ሰው ጥብሱን የሚያበላሸው ሥጋው ገና ሳይገዛ፣ ከሰሉን ሲመርጥ ነው። ለዚህ ሙያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ የሚያህል ትምህርት ቤት አይገኝም። በእረፍት ቀን ግሪል መኪናቸው ላይ ጭነው ወደ ደንዲ ሐይቅና ወደ ወንጪ ለሚወጡ ቤተሰቦች፣ ጊንጪና አምቦ ላይ የሸክላ ጥብስ ለሚያቀርቡ ባለ ሆቴሎች፣ እንዲሁም በግቢያቸው ጭስ ማየት ለሚናፍቃቸው ሁሉ የሚከተለውን ምክር በነጻ እንለግሳለን።

1. ከመኪናዎ አይውረዱ

መስኮቱን ዝቅ ያድርጉና አፉ ላይ ጎላ ጎላ ያለ ከሰል የተደረደረበትን ማዳበሪያ በጣትዎ ያመልክቱ። ከሰል መንገድ ዳር የሚሸጠው በሚዛን ሳይሆን በማዳበሪያ ነው፤ ስለዚህ ከላይ የሚያዩት የሻጩ ሙያ ሲሆን ከሥር ያለው የእርስዎ ዕድል ነው። “እናቴ፣ ታች ያለውስ እንዴት ነው?” ብለው እንዳይጠይቁ። “አንድ ነው ልጄ” ካሉዎት ነገሩ ያው ነው፤ “ይገለበጥና እየው” ካሉዎት ግን ጉድ ፈላ፤ ወርደው ሊያዩ ነው። ሲገለበጥ ድቃቂው፣ አፈሩና እርጥቡ ይታያል፤ ድቃቂ ደግሞ አየር ማለፊያውን ደፍኖ ፍሙን የሚያንቀው እሱ ነው።

ማዳበሪያውንም በእጅዎ አያንሱ። ደረቅ ከሰል ከግዝፈቱ አንጻር ቀላል ነው። ከመጠን በላይ ከከበደዎ ወይ ዝናብ መትቶታል፣ ወይ አፈር አለበት፣ ወይ ግማሹ ገና እንጨት ነው። ይህን ሁሉ ከማወቅ “ሞልቶልኛል” ብሎ መደሰት ይሻላል።

2. ድምፁን አይስሙ

የገባው ሰው ሁለት ጉማጅ አንሥቶ ያጋጫል። በደንብ የከሰለ ከሆነ ቀጭን፣ የብረት የሚመስል ድምፅ ይሰጣል፤ ሲሰበርም ውስጡ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። ያልከሰለው ግን ድምፁ ድፍን ነው፣ ልቡ ቡናማ ነው፣ ለመስበርም ያስቸግራል። እርስዎ ይህንን ቡናማውን ይፈልጉ።

የቡናማው ታሪክ አጭር ነው። አክሳዩ እንጨቱን ከምሮ በቅጠልና በአፈር ይደፍነዋል፤ አየሩን እየመጠነ ለቀናት ይጠብቃል። መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ ወፍራምና ነጭ ነው፤ የእንጨቱ እርጥበት ነው የሚተነው። ሥራው ሲያልቅ ጭሱ ይሳሳል፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ገበያ ቀን የደረሰበት ወይም ዝናብ ያስፈራው አክሳይ ይህን ሰማያዊ ጭስ ሳያይ ክምሩን ይከፍታል። የጎደለውን ጭስ እርስዎ በእንግዶችዎ ፊት ያስጨርሱለታል ማለት ነው። ዓይን ሲያለቅስ “ሽንኩርቱ ነው” ይበሉ።

3. ወይራ ካልሆነ እንዳይገዙ

“የምን ዛፍ ነው?” ማለት ለጨዋ ሰው አይገባም። መጠየቅ ግድ ከሆነብዎ ግን “ወይራ ነው አይደል?” ብለው መልሱን ራስዎ ይስጡ። የወይራ ከሰል ፍሙ ይጠነክራል፣ ይቆያል፤ ይህን የሚክድ የለም። እርስዎ ደግሞ የሚጠብሱት የሃያ ደቂቃ ጥብስ ነው። ለሃያ ደቂቃ እሳት ለመወፈር አሥርተ ዓመታት የፈጀ ግንድ ማቃጠል፣ ክብር ማለት ይህ ነው። በአፈር ተደፍኖ ሲከስል አንድ ኪሎ ከሰል ከ6 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይበላል፤ ይህን ስሌት ግን ማዕድ ላይ አያንሡት፣ ምግብ ይዘጋል።

ሰፈሩም ለዚህ ምቹ ነው። ጊንጪ አጠገብ የጭሊሞ ደን አለ፤ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ አብረው ከተረፉባቸው ጥቂት የሸዋ ደኖች አንዱ። የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው እየጠበቁ የሚጠቀሙበት ስለሆነ ከዚያ የወጣ ዛፍ ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ወረቀት አይጠይቁ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰሙም።

ውጤቱ እስከ ሩቅ ይሄዳል። አዋሽ የሚነሣው ከዚሁ ደጋ ነው። ዛፉ ሲነሣ አፈሩ ይከተለዋል፤ አፈሩን አዋሽ ተሸክሞ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ውስጥ ያራግፈዋል። ቆቃ ለዓመታት ከደለል ጋር የሚታገል የመብራት ግድብ ነው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ለከሰል ዛፍ ይቆረጣል፣ አፈሩ ግድብ ውስጥ ይተኛል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰል ይገዛል። ደንበኛውን ራሱ የሚያመርት ንግድ ከዚህ ሌላ የት ይገኛል?

ስለዚህ ከተተከለ ዛፍ የመጣ ከሰል ቢያቀርቡልዎ ፊትዎን ያጥቁሩ። የባህር ዛፍ ከሰል ቀላል ነው፣ ቶሎ ይነዳል፣ ይንጣጣል፤ ለአጭር ጥብስ ከበቂ በላይ ነው እንጂ ለወሬ አይሆንም። ማገዶ አልቆበት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲታሰብ አዲስ አበባን ካስቀሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ባህር ዛፍ ነው፤ አዲስ ዓለምን በዚሁ መንገድ ሲያልፉ ይህን ለልጆችዎ እንዳይነግሩ። የአዊ ገበሬዎችማ ከዚህ የባሱ ናቸው፤ በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የሚሉትን ግራር እንደ ሰብል ይተክሉታል። በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ እህል ያበቅላሉ፣ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳሉ፣ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጠው ያከስሉታል፣ መሬቱንም መልሰው ያርሱታል። ደን ሳይነኩ ከሰል ሸጦ ማደር! እንዲህ ያለውን ከሰል የሚገዛ ሰው ምን ተብሎ ይወራለታል?

4. ብሪኬትን ይናቁ፤ መናቅ ካልቻሉ የሚፈረካከሰውን ይግዙ

ብሪኬት የከሰል ድቃቂ በስታርች ወይም በሞላሰስ ተለውሶ፣ ተጨምቆ የደረቀ ነው። የቡና ገለፈትን የመሰለ ተረፈ ምርትም አክስሎ መሥራት ይቻላል። ጉድለቱ እኩል መሆኑ ነው፤ መጠኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ፍሬውን ቆጥሮ ሙቀቱን መገመት ይቻላል፣ ረጅም ሰዓትም ሳይዋዥቅ ይነዳል። ለሰዓታት በዝግታ ለሚበስል ጎድን ይህ ያመቻል፤ ማራገቢያ ይዞ መሯሯጥን ግን ያስቀራል። ሰው ሲሯሯጥ ካልታየ ምን ደገሰ ይባላል?

አሜሪካ ውስጥ የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ለመኪና የሚሆን እንጨት ሲሰነጠቅ የተረፈውን ቁርጥራጭ አክስሎና ጨምቆ ብሪኬት አድርጎ ሸጠው። ትራፊውን ያልጣለ ሰው ምን ዓይነት ሀብታም ነው? እኛ ድቃቂውን ማዳበሪያው የተራገፈበት ቦታ ላይ ትተነው እንሄዳለን፤ ንፋስ ይወስደዋል።

ግድ ብሪኬት መግዛት ካለብዎ በጣት ሲጫኑት የሚፈረካከሰውን፣ ወይም ጭቃ በዝቶበት እንደ ድንጋይ የከበደውን ይውሰዱ። የመጀመሪያው እሳቱ ላይ ዱቄት ይሆናል፤ ሁለተኛው ጥብሱ ሳይደርስ ምድጃውን በአመድ ይሞላል።

5. በፌስታል ያቀጣጥሉ

ፌስታል፣ የጎማ ቁራጭ፣ ነጭ ጋዝ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ፤ ሁሉም ይሆናል። ሽታው ሥጋው ውስጥ ስለሚገባ ቅመም ይቆጥባል። ከሥሩ የተበሳ ትልቅ ጣሳ ውስጥ ከሰሉን ሞልቶ፣ ከታች ወረቀት ለኩሶ መተው የሰነፍ ዘዴ ነው፤ እሳቱ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ምንም አይሸትም።

ነበልባሉ ገና ሲዘል ሥጋውን ይጫኑ። ፍሙ አመድ ለብሶ እስኪነጣ የሚጠብቁ አሉ፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ይረጋል፣ ጭሱም ይጠፋል ይላሉ። ጮማው ሲንጠባጠብ እሳቱ ይጨምር ዘንድ ሥጋውን ሁሉ በፍሙ መካከል ይከምሩት፤ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስቦ ለሥጋው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ መተው የፈሪ አሠራር ነው።

ጭስ ለጣዕም የፈለጉ እንደሆነ ደግሞ የወተት ዕቃቸውን በወይራ የሚያጥኑ እናቶችን አያማክሩ። እነሱ በጥቂት ቁራጭ፣ ለጥቂት ደቂቃ አጥነው መዓዛውን ለቀናት ያቆዩታል። እርስዎ ምድጃውን በእርጥብ ቅጠል ይሙሉት። ጭሱ ጠቆር ያለ እንደሆነ ሥጋው ይመርራል፤ “የገጠር ጣዕም ነው” ይበሉ።

6. እዚህ ላይ ፌዙን እናቁም

የደንዲ ሌሊት ይበርዳል፤ ምድጃውን ወደ ቤት የማስገባት ሐሳብም ያኔ ይመጣል። አያስገቡት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ አይሸትም። ጭሱ ጠፍቶ አመድ የለበሰ ፍምም ያወጣዋል፤ “ጭስ የለውም” የተባለው ምርጥ ከሰልም ያወጣዋል፤ ብሪኬትም ያወጣዋል። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግደዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ይሞታል። ቤት፣ ድንኳን፣ መኪና ውስጥ ፍም አይግባ። ራሱን ያመመው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ውጭ አውጥቶ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው።

7. ጊዜዎን ለሥጋው ያውሉ

አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ። ሥጋ ቤት ሲገቡ ሽንጥ ይበሉ፣ ዳቢት ይበሉ፣ “ጮማውን ቀንስና ከወዲህ ቁረጥልኝ” እያሉ ግማሽ ሰዓት ይከራከሩ፤ ቢላውን ሳይቀር ይመርምሩ። ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚቀበለው እሳት ግን ከየት ዛፍ እንደመጣ፣ ደርቆ እንደሆነ፣ ከስሎ እንደሆነ ለማየት ግማሽ ደቂቃ እንኳ እንዳያጠፉ። ጥብሱ ሲበላሽ ያን ሁሉ ሰዓት ያደከሙት ባለ ሥጋ ቤት አለልዎ፤ ጥፋቱን በእሱ ያሳብቡ።